«ባቲ ይችላሉ?»

ከባቲ የወጣሁ ሌሊት ኦርጋኔን በጋቢ ጠቅልዬ አዘልኩት። መናኸሪያ ድረስ የሸኘችኝ እህቴ የሺ «ያየሽ ሰው የልጅ ልጇን ሰርቃ ጠፋች ይላል» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። እኔም «ልጄ ዘንድ ሄጄ ዘፍኜ የማድርበት ካገኘሁ እቀራለሁ፣ ካጣሁ ተመልሼ አንቺው ጋ ነኝ» ብያት ተሳፈርኩ። በየሰርጉ አብረውኝ ይጫወቱ ከነበሩት ከበሮ መቺዬ ዐረብ አገር ገብቷል፣ ማሲንቆኛዬ አርፏል። ሳንለያይ ያስቀዳነው ድምፃቸው ግን በፍላሽ አለኝ፤ እሱን እከፍትና ኦርጋኑን እኔ እየነካሁ እዘፍናለሁ።

ልጄ የምትኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ነው። ብርዱን አትጠይቁኝ። ባቲ ሰው ጥላ ፍለጋ ይዞራል፤ እኔ እዚህ ፀሐይ ፍለጋ ከብሎክ ብሎክ ስዞር እውላለሁ። ደረጃ ላይ ያገኘኋትን አንዲት ልጅ እንዴት አደርሽ ብላት ከጆሮዋ ገመድ ነቅላ «ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ። ደህንነቷን ነበር የፈለግሁት።

ስለማመድ የሰማች አከራይ መጣች።

«እማማ፣ ቤቱን ያከራየሁት ለእናትና ልጅ ነው። ከበሮ የሚመታው ማነው?»

«እዚህ የለም፣ ልጄ።»

«ማሲንቆ የሚመታውስ?»

«እሱማ ሞቷል።»

ስትደነግጥ ፍላሹን አሳየኋት። «ሁሉም እዚች ውስጥ ናቸው። ውሃ አይጨርሱብሽ፣ ሽንት ቤት አይጠይቁሽ።»

ገልበጥ አድርጋ አየችውና «እንግዲያው ቀስ ብለው እንዲመቱ ይንገሯቸው» ብላኝ ወረደች።

ልጄ ኢምፔሪያል አካባቢ ያለ አንድ ምግብ ቤት ነገረችልኝና እሁድ ከሰዓት ለሙከራ ሄድኩ። ባለቤቱ ጎልማሳ ነው።

«ማዘር፣ ባቲ ይችላሉ?» አለኝ።

«ባቲን? ተወልጄበት አረጀሁበት እንጂ» ብዬ የሰኞ ገበያውን፣ ግመሉን፣ ሙቀቱን አወራሁለት።

ሰምቶ ሰምቶ «ቅኝቱን ማለቴ ነበር» አለ።

እኛ አገር ዘፈን ዘፈን ነው፤ የባቲ ሰው ባቲ ብሎ አይጠራውም። አላውቅም ብል ሥራው ሊያመልጠኝ ነው። «አንዱን ልጀምርና አንተው ስም አውጣለት» አልኩት።

ፍላሹን ሰክቼ ገባሁበት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ብቅ ሲሉ አየሁና እንደ ልማዴ ዘፈኑን ትቼ «ኧረ እንዴት ዋሉ፣ በዚህ ይቀመጡ» አልኩ። አገር ቤት ሰው ሲገባ ከበሮው ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። ፍላሽ ምን ያውቃል፣ ጥሎኝ ሄደ። ጣቴ እዚህ፣ ከበሮው እዚያ። ማይኩን ረስቼ «ጠብቁኝ እንጂ እናንተ» ብላቸው ቤቱ በሳቅ ሞላ። እንግዲህ ወደ ባቲ መሳፈሬ ነው ብዬ ፍላሹን ነቀልኩት። ሽማግሌው ግን ገና እንደ ቆሙ «ምን ትስቃላችሁ፣ አጨብጭቡላት» አሉ። በሰው ጭብጨባ ጨረስኩት።

«ባቲ ነው» አለ ባለቤቱ። «እሁድ እሁድ ይምጡ። ሰላምታውን እንዳይተዉት።»

በማግስቱ የሺ ጋ ደወልኩ።

«አገኘሁ» አልኳት።

«እሰይ፣ እሰይ የኔ እህት» አለች። አስከትላም «የማሽላው እሸት ደርሷል» አለችኝ።

«በአውቶቡስ ላኪልኛ።»

«እሸት ይላካል እንዴ? ተሂዶ ነው የሚበላ።»

ስልኩን አልዘጋሁትም፤ ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። በስልኩ ውስጥ የጓሮዋ ዶሮ ስታስካካ እሰማለሁ።