ገመድ ያዥ

የዛፍ ሥራ ልጀምር ነው የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ መጋዙ ነው። ባለ ሞተሩ ይሻላል ወይስ የእጁ? ሰንሰለቱ በስንት ቀን ይሞረዳል? ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር እንዴት ይደባለቃል? እኔ ደግሞ «መኪናህ የታለ?» እለዋለሁ። «እንዴ፣ ዛፍ እኮ ነው የምቆርጠው» ይለኛል። አዎ፣ ዛፍ ነው የምትቆርጠው። ስትወድቅስ በምን ልትሄድ ነው፣ በመጋዝህ? እንዲህ ስመልስ ሰው ቅር ይለዋል። አመለ ቢስ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ ይበሉ። የእህቴን ባል እግር ለማትረፍ ስንራወጥ የዋልን ቀን የጎደለን መጋዝ አልነበረም። መጋዝማ ነበረን፣ ያውም ባለ ሞተር።

ሥራውን የጀመርነው ሁለታችን ነን፣ እኔና የእህቴ ባል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማንጎው ላይ ያ ነጭ ተባይ ከገባ ወዲህ ሁሉም ቅርንጫፍ አሳሳልኝ ይል ጀመር። ሎሚውም አለ፣ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የተንጋለለ ሮቃም አለ። ሮቃ ደግሞ እንጨቱ ብረት ነው፣ ፍሬውን ሲመጡት ነው እንጂ ደስ የሚለው ሲቆርጡት እናት አባት ያሰድባል። አማቼ ቀጭን ነው፣ ዛፍ ላይ ሲወጣ ቅጠል እንኳ አይንኮሻኮሽም። እኔ ወፍራም ነኝ። ስለዚህ እሱ ይወጣል፣ እኔ ታች ሆኜ ገመድ እይዛለሁ።

ገመድ ያዥ ሲባል ሰው ይንቀዋል። ቅርንጫፉ ጣራ ላይ እንዳይወርድ ሳይቆረጥ በፊት በገመድ ይታሰራል። ገመዱ ከላይ ባላው ላይ ያልፍና ታች ግንዱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ጫፉ እኔ እጅ ላይ ይቀራል። ከላይ «ያዝ» ሲለኝ አጠብቃለሁ፤ «ላክ» ሲለኝ ቀስ እያልኩ እለቃለሁ፣ ቅርንጫፉም እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ገመድ ስትገዛ አዲስ ግዛ። ጭነት መኪና ላይ ኖሮ ፀሐይ የበላውን ገመድ በርካሽ አገኘሁ ብለህ አትምጣብኝ። ከውጭ ደህና ይመስልሃል፣ ከውስጥ ግን ዱቄት ሆኗል። የኛ ገመድ አዲስ ነበር። ወላሂ፣ ገመዱም አልከዳንም።

አማቼ የሰንበቴ ወዲያ ልጅ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፣ ግን እኛ ዘንድ ከመኖሩ ብዛት በአማርኛ ሲቀልድ ከኛ ይበልጣል። ቀልዱ ደግሞ አንድ ናት፦ እኔን እንደ ሴት ማናገር። ከዛፉ ጫፍ ሆኖ «እሜቴ፣ ምነው ዛሬ ፈዘዝሽ? ላኪ እንጂ!» ይላል። የሰፈሩ ሰው ይስቃል፣ እኔ እቃጠላለሁ። ባለሁበት መሬት ላይ ሆኜ እሰድበዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ስሰድበው ይበልጥ ደስ ይለዋል።

ያን ቀን የሄድነው ሮቢ ወንዝ ዳር ወዳለ አንድ ግቢ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው። የትልቁን ሮቃቸውን አንዱን ቅርንጫፍ ንፋስ ሰንጥቆት ቤታቸው ላይ ሊወርድ ነው። የምንሠራበት ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር አለን፣ ሹፌርም አለው። ጠዋት ትንንሹን ቅርንጫፍ አውርደን ጫንነው። ሹፌሩ «ልጠብቅ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ቁጭ ያለ ሰው ማየት አልወድም። «ምን ትጠብቃለህ? እንጨቱን ዳቦ ቤት አድርሰህ ና፣ እስክትመለስ ትልቁን እናወርዳለን» አልኩት። ሄደ። አማቼ ከላይ ሆኖ «እሜቴ፣ ገመዱን በደንብ ያዢ፣ ጥፍርሽ እንዳይሰበር!» አለ። ሐጂም ሳቁ፣ ቤተሰቡም ሳቀ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ገመዱን ግንዱ ላይ ጠመጠምኩ።

መጋዙ ሲጮህ ቆየና ቅርንጫፉ ተንቋቋ። ተቆርጦ አላለቀም፣ ግማሹ ተይዟል። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ስላለ አማቼ አይታየኝም። መጋዙ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሎ እንደበራ ይንተከተካል። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ።

«ላኪ! ላኪ! ላኪ!»

ጀመረ ደግሞ፣ አልኩ በሆዴ። ሐጂ ፊት፣ ሰው ሁሉ ፊት። ደሜ ፈላ። «እንቺ እንግዲህ!» ብዬ ሁለቱንም ዙር ባንዴ ለቀቅኩት።

«ላኪ» በኦሮምኛ «ተው፣ አይሆንም» ማለት ነው። አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ። እናቱ ቤት ስንሄድ ወተት ሲደርቡብኝ ብርጭቆውን በእጄ ከድኜ «ላኪ፣ ላኪ» የምለው እኔው ነኝ። ቅርንጫፉ ሲሰነጠቅ ግራ እግሩ በቅርንጫፉና በግንዱ መካከል ገብቶበት ነበር። ሰው ሲጨንቀው በእናቱ ቋንቋ ነው የሚጮኸው። እሱ አትልቀቅ አለኝ፣ እኔ ለቀቅኩ። ያ ሁሉ ክብደት ተወርውሮ እግሩን ከግንዱ ጋር ወቀጠው።

ወገቡ በራሱ ገመድ የታሰረ ስለነበር አልወደቀም፣ ተንጠለጠለ። እኔ ወፍራሙ ሰውዬ እንዴት እንደወጣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ተጋግዘን አወረድነው። ከጉልበቱ በታች አጥንቱ ወጥቷል፣ ደሙ ይወርዳል። ሐጂ ጥምጣማቸውን ፈትተው «ከጉልበቱ በላይ እሰሩት፣ አጥብቁ!» አሉ። አሰርነው፣ ደሙ ቆመ። አማቼ ዓይኔን እያየ «እግሬን... እግሬን አደራ» አለኝ። ሌላ ነገር አላለም። እኔም «አይዞህ፣ እግርህ ይተርፋል፣ አሁን እናደርስሃለን» አልኩት።

በምን? ሞተሯ የለችም። ሹፌሩ ጋ ስልክ ደወልኩ። ያቺ የስልክ ሴትዮ ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም ትለኛለች። በአማርኛ ትነግረኛለች፣ ቀጥላ በእንግሊዝኛ ትደግመዋለች። ሰደብኳት። እንደገና ደወልኩ፣ እንደገና ሰደብኳት። ሹፌሩ ላይ አልፈርድም፣ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ባጃጅ ደግሞ እንደኛዋ ሞተር ጉልበት የለውም፣ እዚያ አሸዋ ውስጥ አይገባም። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያልኩ መንገዱን እያየሁ ስቅበዘበዝ ሐጂ ተቆጡኝ። «አንተ ሰውዬ፣ መንገድ በማየት ሰው ይመጣል? ተሸከሙት!»

መሰላላችን የባሕር ዛፍ አጣና በሚስማር የተመታ ነበር። ባለ አልሙኒየሙን ብገዛ ብዬ ስመኝ ኖሬ ያን ቀን አጣናውን አመሰገንኩ። ጋቢ እና ጆንያ አንጥፈንበት ቃሬዛ አደረግነው። በሽንኩርቱ ማሳ መካከል ስንሄድ ያየን ሰው ሁሉ መኮትኮቻውን እየጣለ እየሮጠ መጣ። እኛ አገር ቃሬዛ አይቶ የሚቀመጥ የለም፣ ያንተ ይሁን የማን አይጠየቅም። ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ ወሰዱት። እኔ ግን ማንም እንዲቀበለኝ አልፈቀድኩም። «አሳርፈን እንጂ!» ሲሉኝ እጮህባቸው ነበር።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ደግሞ መኪና አይቆምም። ከደሴ የሚመጣው ያልፋል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ያልፋል። ደም ያየ ሹፌር ጣጣ ይፈራል። እጄን አውለበለብኩ፣ ለመንኩ፣ ድንጋይም አነሳሁ። በመጨረሻ ሐጂ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው አስፋልቱ መሐል ቆሙ። ሽንኩርት የጫነ መኪና እግራቸው ሥር ደርሶ ቆመ። ሹፌሩ ሊሰድባቸው መስኮት ሲያወርድ ሽበታቸውን አየና «አባቴ፣ ምን ሆናችሁ?» አለ። ሽንኩርቱ ላይ አጋድመነው ሸዋ ሮቢት ገባን።

እዚያ አጠቡለት፣ መርፌ ወጉት፣ ከዚያ «ከኛ አቅም በላይ ነው፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር» ተባለ። አምቡላንስ እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ጥበቃ። ሁሉም ነገር ጥበቃ ነበር። እኔ በየመካከሉ የግራ እግሩን ጣቶች እነካለሁ።

ደብረ ሲናን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ ጀመረ። እኛ የቆላ ሰዎች ነን፣ እሱ ሽርጥና ስስ ሸሚዝ ነው የለበሰው። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ የግራ እግሩን ጣቶች በሁለት እጄ ጨብጬ እያሸሁ ነበር። በረዶ ሆነዋል። ብርዱ ነው፣ አልኩ ለራሴ፣ የጣርማ በር ብርድ ነው። ከዚያ የቀኝ እግሩን ነካሁ። ሞቃት ነበር።

«ጣቴን ይዘኸዋል?» አለኝ።

«ይዤዋለሁ።»

«አይሰማኝም።» ራሱን ወደ እኔ አዞረ። «ስማ፣ ለእህትህ እኔ ነኝ ላክ ብዬ የጮህኩት። እንደዚያ ነው የምንነግራት።»

«አብደሃል? እኔ ነኝ የለቀቅኩት! በንዴት ነው የለቀቅኩት!»

«ቀስ በል። እኔ እግሬን ባጣ አጣለሁ። እሷ ግን ወንድሟን አታጣም። ደግሞ በኦሮምኛ ላኪ ብሎኝ በአማርኛ ሰማሁት ብትል ማን ያምንሃል? ዘመኑን ታውቀው የለ። የኔም ወገን ሌላ ነገር ይላል፣ ያንተም ወገን ሌላ ነገር ይላል።»

እግሩ የተሰበረበት እኔ ይመስል እኔ ነበርኩ የማለቅሰው።

ደብረ ብርሃን ላይ ወጣት ሴት ሐኪም ተቀበለችን። ጥምጣሙን አይታ «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው የታሰረው?» አለችኝ። «ከዙህር በፊት፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ» አልኳት። አሁን አስር ሰዓት አልፏል። ምንም አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ደሙን ባታቆሙት ይሞት ነበር፣ ጥሩ አድርጋችኋል። እግሩ ግን ያለ ደም ብዙ ቆይቷል። ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ...» አለችና ተወችው። ከዚያ ፈርም ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። ያን ሁሉ የገመድ ቋጠሮ በሚያውቅ እጄ ፈረምኩ። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

እንግዲህ ምክር የፈለገ ይኸው። ተሽከርካሪህ ትንሽ ይሁን ትልቅ ግድ የለኝም፣ ግን ፊቱን ወደ መንገድ አዙረህ አቁመው። ዛፍ ላይ ሰው እያለ አትጫንበት፣ ባዶውን ይቁም። ሹፌሩ ቁልፉን ይዞ እዚያው ይቀመጥ፣ እንደ እኔ ያለው ሰው «ሰነፍ!» ብሎ ቢጮህበትም ንቅንቅ አይበል። የወጣው ሰው ሁለት እግሩ መሬት ሲረግጥ ያኔ ጫን። በአፍ ትእዛዝ አትተማመን፣ ፊሽካ ግዛ። አንድ ጊዜ ሲነፋ ያዝ፣ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ልቀቅ። ፊሽካ ቀልድ አያውቅም፣ ቋንቋም የለውም። ይህን ስናገር ሰዎች «እንዴት ያለ አዋቂ ነው» ይላሉ። እንዲህ ሲሉኝ ምድር ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ መጣች። ከሸዋ ሮቢት እስከዚያ ስታለቅስ መጥታ ዓይኗ አብጧል። ብርድ ልብሱ በግራ በኩል ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ አየችና እጇን እዚያ አሳረፈች። ፍራሹን ነው የነካችው። አማቼ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው። እግሬን ሳላወጣ ላክ አልኩት። ወንድምሽ በትከሻው ተሸክሞ ነው ያዳነኝ፣ ማንንም አላስነካም» አላት።

አፌን ከፈትኩ። ከትራሱ ላይ ሆኖ አየኝ። ዘጋሁት።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ሳላስበው ጎንበስ ብላ እጄን፣ ያንኑ ገመድ የለቀቀውን እጄን ሳመችው። ልነጥቃት ብል አጥብቃ ያዘችው።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ልጆቼ ያለ አባት የቀሩ የቲም ነበሩ» አለች። «አላህ ውለታህን ይክፈልህ። የሠራኸውን ሁሉ አላህ አይቶታል፣ እንደ ሥራህ ይስጥህ።»

አማቼ ዓይኑን ጨፍኖ «አሚን» አለ።

እህቴ እጄን እንደያዘች ትጠብቀኛለች። ዱዓ ተደርጎልኝ እንዴት ዝም እላለሁ?

«አሚን» አልኩ።