ከበቡሽ እና የተዘጋው ቪዲዮ

ከበቡሽ ጂንካ ከተማ ውስጥ የአንድ ዞን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ እኔም ጉዳይ ሲኖረኝ የምሄደው እዚያው ነው። የተቀጠረችው ደብዳቤ በታይፕ እየተቀጠቀጠ በሚወጣበት ዘመን ነው። ታይፑ ሄዶ ኮምፒዩተር መጣ፣ ኃላፊ መጣ ኃላፊ ሄደ፣ ከበቡሽ ግን ያችው ጥግ ላይ ናት። ኮምፒዩተሩ የገባ ሰሞን ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ እየወደቀች አላሠራ ስላለቻት ከኋላዋ ያለውን መስኮት በወፍራም ሰማያዊ መጋረጃ ጋረደችው። እንደተጋረደ ቀረ።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ዲመካ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሲሞት ልጃቸው ምንተስኖት ገና ዳዴ ይል ነበር። ብቻዋን አሳደገችው። ሐሳቧ አንድ ነው፤ ልጇ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው እንዲሆንላት። ልጁ ደግሞ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ያኔ የአውሮፕላን ማረፊያው መሀል ከተማ ነበር። ሳሩ ላይ ከብት ይግጣል፣ ልጅ ኳስ ይጫወታል፣ አውሮፕላን ሲመጣ ዘበኛው ከብቱንም ልጁንም አንድ ላይ ያባርራል፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ ሁለቱም ይመለሳሉ። ምንተስኖት ያደገው እዚያ ነው ማለት ይቻላል።

«እማ፣ ዛሬ ግጥሚያ አለን፣ ነይ» ይላታል።

«ሥራ አለኝ። ኳስ ጫማ ይጨርሳል እንጂ ሰው አያደርግም» ትለዋለች።

«ችግር የለም» ይላል። አያኮርፍም፣ አይከራከርም። ችግር የለም ብሎ ኳሱን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። አንድ ቀን እንዲሁ ችግር የለም እንዳለ ሐዋሳ ያለ ቡድን ወሰደው።

ታዲያ አንድ ሰኞ ደወለላት። «እማ፣ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ትልቅ ጨዋታ አለን፤ ካሸነፍን ለዋንጫ እናልፋለን። በዩቲዩብ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ከፈለግሽ ታይኛለሽ።»

«በሥራ ሰዓት?»

«እሱማ በሥራ ሰዓት ነው። ካልተመቸሽ ችግር የለም።»

ስልኩን ዘጋችው። ያቺን ቃል ለምዳታለች፤ የዚያን ቀን ግን አንጀቷ ውስጥ ገባች። ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሲጫወት አንድ ቀን አይታው አታውቅም። እስካሁን ይጠራታል፤ ነገ መጥራቱን ቢተወውስ? ሐሙስ የመጣው ይምጣ፣ አየዋለሁ አለች።

የት ታየዋለች ነው ችግሩ። ሠፈሯ ውስጥ ያለው ኔትዎርክ ለሰላምታ እንጂ ለቪዲዮ አይሆንም። ስልኳ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ሰው ሲሰለች እሷ አትሰለችም። ፈቃድ እንዳትጠይቅ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሳምንት ነው። በሪፖርት ሳምንት ፈቃድ የሚሰጠው ለሞተ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ቀደም ብሎ ካሳወቀ። የቀረው የቢሮው ኮምፒዩተር ነው። መስመሩ ፈጣን ነው፤ ግን ቪዲዮ ተዘግቷል።

ተዘግቷል የተባለው ከሦስት ዓመት በፊት በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ነው። የአይሲቲ ባለሙያው ፋሲል ተነስቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ ኔትዎርክ የግል ቪዲዮ ማየት በሲስተም ተዘግቷል፤ የሞከረ ሰው ስሙ በቀጥታ ለኃላፊው ይደርሳል» አለ። ሲስተም የሚባለው የት እንደሚቀመጥ ባይታወቅም ሁሉም ፈራው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ግቢ የሞከረ የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እነዚህ ግን እባቡንም ሳያዩ ነው የበረዩት።

ማክሰኞ ጠዋት ከበቡሽ ነገሩን በዘዴ ልታጣራ ተነሳች። ፊት ለፊት አይጠየቅም፤ የጠየቀ ሰው ሐሳቡ ታወቀበት ማለት ነው። ፋሲል ገመድ ሲፈታ አገኘችው።

«ፋሲልዬ፣ ለመሆኑ ያ የተዘጋው ነገር፣ ሰው ሳያውቅ ቢነካው ምን ያደርጋል?»

«የቱ?»

«ቪዲዮው።»

«ማን ሊነካው ነው?»

«ማንም። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።»

«ባይነካ ይሻላል» አለና ወደ ገመዱ ተመለሰ።

ቀጥላ ገንዘብ ያዧን ትጊን ጠየቀቻት። ትጊ የማታውቀው ነገር የለም፤ የማታውቀውንም ታውቃለች። «እዚህ ጎረቤት መሥሪያ ቤት አንዱ ሞክሮ ስክሪኑ ቀይ ሆነ አሉ» አለቻት። «ደም መሰለ። ከዚያ ሰውየውን አዛወሩት።»

«ወዴት?»

«ዱስ ነው መሰለኝ። ብቻ ወንዝ ዳር ነው።»

ከበቡሽ ሞኝ አይደለችም። ብትያዝ እንኳ የማያስጠይቅ ቪዲዮ መሞከር እንዳለባት ገባት። ረቡዕ ጠዋት ኮምፒዩተሯን ከፍታ «ዘመናዊ የንብ ቀፎ አያያዝ» ብላ ጻፈች። ንብ የመንግሥት አቅጣጫ ነው፤ በንብ የተከሰሰ ሠራተኛ የለም። ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው።

ስክሪኑ ቀይ አልሆነም። ነገር ግን ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቶ ኖሮ፣ «ውድ ንብ አናቢዎች» የሚል ወፍራም ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው። የድምፁን መቀነሻ እስክታገኝ ድረስ ሰውየው ንግሥቲቱ ንብ ጋ ደርሷል። የኃላፊው የአቶ ጎሳዬ በር ተከፈተ።

«ምንድነው፣ ወይዘሮ ከበቡሽ?»

«ንብ ነው።»

«ንብ?»

«ስለ ቀፎ። ለሪፖርቱ ብዬ።»

አቶ ጎሳዬ በር ላይ ቆመው ጥቂት አዳመጡ። «ጭስ አታብዙ የሚለው ትክክል ነው» ብለው ተመልሰው ገቡ።

ከበቡሽ እስከ ምሳ ድረስ መጠራቷን ጠበቀች። የጠራት የለም። ልቧ ግን አላረፈላትም። ሲስተሙ የመንግሥቱን ከግሉ የሚለይ ቢሆንስ? ንብን አሳልፎ ኳስን የሚይዝ ቢሆንስ? ከሰዓት በኋላ ድምፁን ጨርሳ አጠፋችና የሠርግ ጭፈራ ከፈተች። ከሠርግ የበለጠ የግል ነገር የለም። ሙሽራዋ ገባች፣ ሚዜዎቹ ያለ ድምፅ እስክስታቸውን ወረዱት። በዚህ መሀል ፋሲል ዘው አለ። ከበቡሽ ክው ብላ ቀረች።

«እትዬ ከቡ፣ ስቴፕለር አለሽ?»

ሰጠችው። ፋሲል ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ዞሮ በሩን ዘጋው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም?»

ፋሲል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አልተዘጋም» አለ። «ያኔ ዝጋ ተባልኩ። የሚዘጋው መሣሪያ ይገዛል ተባለ፣ ሳይገዛ ቀረ። ስብሰባው ደረሰና ተነስተህ አስረዳ ስባል ተዘግቷል አልኩ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ስላልሞከረ ተዘጋ።»

«ስማችን ለኃላፊው ይደርሳል ያልከውስ?»

«በምን ይደርሳል?» አለ። «እባክሽ ለሰው እንዳታወሪብኝ፣ እንጀራዬ ናት።»

«ከአፌ አይወጣም» አለችው። የምሯን ነበር። ግን ደስታ ብቻውን ሲያዝ ያፍናል። ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ባጃጅ ውስጥ ለትጊ፣ ለትጊ ብቻ፣ ጆሮዋ ላይ ሹክ አለቻት። ትጊ ደግሞ በአፏ ባቄላ አይርስም። ከበቡሽ ይህን አታውቅም ነበር እንዳልል ስንት ዓመት አብረው ሠርተዋል።

ሐሙስ ከምሳ መልስ ሪፖርቱን አስረከበች። ልጇ እሷን የሚያያት ይመስል ፀጉሯን አበጠረች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ከፈተችው። ሜዳው ብቅ አለ፣ ተጫዋቾቹ ተሰለፉ፤ ከዚያ ቆመ። ያቺ ክብ መጣች። ዘጋችው፣ ከፈተችው። ክቧ ትዞራለች። ኮምፒዩተሩን አጥፍታ አስነሳችው፣ ትዞራለች። የመጀመሪያው አጋማሽ እንዲሁ ስትዞር አለቀ።

ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ነገሩ ገባት። ትጊ ክፍል ውስጥ አንዲት ተዋናይ ባሏን እየረገመች ታለቅሳለች። ዕቅድ ክፍል አንዱ የውጭ ኳስ፣ አንዱ ቡጢ፣ አንዷ ስብከት ከፍተዋል። ሦስት ዓመት ያልታየው ሁሉ በአንድ ከሰዓት እየታየ ነው። አቶ ጎሳዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ንብ ያያሉ።

ልትመለስ ከጀላት። ማታ «ኔትዎርኩ እምቢ አለኝ» ብትለው ልጁ ምን እንደሚላት ታውቃለች። ያን መስማት አልቻለችም። ኮሪደሩ መሀል ቆመች። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅዋ ከፍ ብሎ የተሰማበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም።

«ዝጉልኝ» አለች። «ሁላችሁም እባካችሁ ዝጉልኝ። ልጄ እየተጫወተ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሲጫወት አይቼው አላውቅም፤ ዛሬም ካላየሁት ዳግመኛ የሚጠራኝ አይመስለኝም።»

ድምፁ ሁሉ አንድ በአንድ ጠፋ። መጨረሻ ላይ የጠፋው ንቡ ነው።

ሁሉም ተከትለዋት ገቡ፤ ፋሲል ብቻ ፊቱ አመድ መስሎ በሩ ላይ ቀረ። ከበቡሽ ከፈተችው። ክቧ አንዴ ዞረችና ሜዳው ቁልጭ ብሎ መጣ።

«የትኛው ነው ምንተስኖት?» አለች ትጊ።

ከበቡሽ አየች። ሃያ ሁለት ሰው ይሯሯጣል፣ ሁሉም ጥፍር ያክላሉ። ቁጥሩን አታውቅም። ማልያው ቀዩ ይሁን ነጩ አታውቅም። የት ቦታ እንደሚጫወት ጠይቃው አታውቅም። ዘጠኝ ወር የተሸከመችውን ልጅ ከሰው መሀል መለየት አቃታት። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«ሦስት ቁጥሩ ነዋ» አሉ አቶ ጎሳዬ ከኋላ። «የግራ ተከላካዩ። ድሮስ ግራኝ አይደል?»

ዞር አለች። «እርስዎ በምን አወቁ?»

«እንዴት አላውቅም?» አሉ እንደ ተራ ነገር። «ዕቅድ ክፍል ሳለሁ አሥር ሰዓት ሲሆን ሻይዬን ይዤ መስኮት ላይ እቆማለሁ። ስንት ዓመት አየሁት። ያ አውሮፕላን ሜዳ ላይ እሱን የመሰለ ልጅ አልነበረም። የእርስዎም መስኮት እኮ ወደዚያው ነው።»

ሦስት ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አየችው። ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ነበር። ምንተስኖት አንድ ኳስ አወጣ፣ አንድ ጊዜ ወደቀ፣ ቢጫ ካርድም አየ። ሲደክመው ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ አባቱ ጎማ ቀይሮ ሲጨርስ እንደዚሁ ነበር የሚቆመው። አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። ጎሉ የገባው በግራ በኩል ነው። አቶ ጎሳዬ የበረኛው ጥፋት ነው አሉ፣ ሁሉም ተስማሙ።

ሰዎቹ ሲወጡላት ተነስታ መጋረጃውን ሳበችው። ቀለበቶቹ ዝገው ስለነበር አንዱ በእጇ ቀረ። ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ወደቀች። ከአጥሩ ማዶ፣ ከአሮጌው አውሮፕላን ሜዳ ጥግ ላይ፣ ልጆች ድንጋይ ጎል አድርገው ይጫወታሉ። ሲጠራሩ ስማቸው ሁሉ ይሰማል። ስልኳ ጮኸ።

«አየሽኝ እማ?»

«አየሁህ።»

«ተሸነፍን።»

«አይቻለሁ። የበረኛው ጥፋት ነው።»

ምንተስኖት ሳቀ። «የናንተ ቢሮ ቪዲዮ ይዘጋል ሲሉ ሰምቼ፣ አታየኝም ብዬ ነበር።»

«የተዘጋ ነገር አልነበረም» አለችው። «ሞክሬው ስለማላውቅ ነው።» ወደ ውጭ አየችና፣ «ይሄ የቢሮዬ መስኮት ሜዳውን ያሳያል ለካ፤ ረስቼው ኖሯል» አለች።

«አውቃለሁ» አለ። «ኳስ ሲወጣ ቀና ብዬ አየው ነበር። ሰማያዊ መጋረጃ ነው።»

ከበቡሽ እጇ ላይ የቀረውን የዛገ ቀለበት ጨበጠችው።

«ችግር የለም እማ» አለ።

«አለ» አለች። እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። «ችግርማ አለ። ሌላ ጨዋታ መቼ ነው ያለህ?»

«እሑድ፣ እዚሁ ሐዋሳ። ለሦስተኛ ደረጃ ነው፣ በቀጥታም አይተላለፍም። እሱን ማንም አያየውም።»

«ጥሩ» አለች። «ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ስማ፣ እዚያ ሜዳ በግራ በኩል መቀመጫ አለ?»