ስምንቱ ፒስተንና አራቱ በሮች

ባለቤቴ ሹፌር ነበር። ከነጌሌ ሻኪሶ ሰው የሚያመላልስበት መኪና አሜሪካ ሠራሽ ነው፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ አፍንጫው ብቻውን የአንዳንዱን መኪና ግማሽ የሚያህል። አንድ ባለሥልጣን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ሲገባ ሸጦት፣ ባለቤቴና ጎረቤታችን የሆነ ጉራጌ ባለሱቅ እኩል አዋጥተው ገዙት።

ከፊት ሦስት፣ ከኋላ አምስት ሰው ይይዛል። ወደ ዋደራ የሚያወጣውን ዳገት በጭቃ ሲወጣ ትንንሾቹ መኪኖች ዳር ይዘው ያሳልፉታል። ሞተሩ ስምንት ፒስተን ነበረው። ባለቤቴ የልጆቻችንን ዕድሜ ይሳሳታል፤ ያንን ስምንት ግን ተሳስቶ አያውቅም።

አብዮቱ ከፈነዳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ለትንሹም ለትልቁም መኪና የሚቀዳው አንድ ነው። ነገር ሲጓደል ዝም ማለት ስለማልችል አንድ ቀን ሰልፉ ላይ አብሬው ሄድኩ።

ኩፖን የሚቀበለውን ሰውዬ፣ "ይሄ ስምንት ሰው ይጭናል፣ ያኛው ሦስት። እንዴት እኩል ይቀዳላቸዋል?" አልኩት።

"እኩልነት ነዋ፣ እናቴ። አብዮቱ የመጣው ለዚህ አይደል?"

"ጉድጓድ ላይ ለግመልና ለፍየል እኩል ይቀዳል?"

ጀሪካን ይዘው ከኋላችን የቆሙ የቦረና ሽማግሌ ሳቁ። "ግመልስ አንዴ ጠጥቶ ስንት ቀን ይሄዳል። የእናንተው ላም ነው፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ካላደረ አይሆንለትም።"

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ ባለቤቴም ሳይወድ ፈገግ አለ። የተጨመረልን ነገር የለም። በዚያ ቤንዚን መኪናው ሻኪሶ ይደርሳል፣ አይመለስም።

እሱ ግን ቀን ያልፋል፣ መለዋወጫም ከአሜሪካ ይመጣል እያለ ይጠብቅ ነበር። ከጦር ካምፑ አጠገብ፣ ድሮ አሜሪካ ሠልጥኖ የመጣ አንድ መኮንን ይኖር ነበር። በራችን ላይ ቆሞ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "አይድከሙ፣ ጋሼ" አለው። "እዚያም ቤንዚን ተወዶባቸው መኪናውን እያሳጠሩት፣ ሞተሩን እያሳነሱት ነው። እንዲህ ያለውን የሚሠራ እየጠፋ ነው።"

ባለቤቴ፣ "ዳገት የላቸውም እንዴ?" አለ።

መኪናው ቤንዚን አጥቶ ደጃችን ከቆመ ከረመ። ባለሱቁ መጥቶ፣ "እህቴ፣ ዝናብ ከሚበላው እንካፈለው" አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ባደግሁበት አገር ውርስ ሲካፈሉ አንዱ ለሁለት ይከፍላል፣ ሌላው ቀድሞ ይመርጣል። በዚህ ይሁን አልኩ፤ መኪናውን የሚያውቀው ባለቤቴ ስለሆነ እሱ እንዲከፍል አደረግሁ። ሞተሩን ለብቻ አስቀመጠ፤ በሮቹን፣ ወንበሮቹን፣ ጎማዎቹንና ቆርቆሮውን በሌላ ወገን። ነጋዴ ቶሎ የሚሸጠውን ይመርጣል ብሎ አስቦ ነው።

ባለሱቁ ሊመርጥ ሲመጣ ባለቤቴ ወደ ጓዳ ጠርቶኝ፣ "ሞተሩን እኔ ልያዘው ብለው ምን ይላል? እሺ ይለኛል" አለ።

"የከፈለ አይመርጥም" አልኩት።

ባለሱቁ ሞተሩን መረጠ። ለካ ወፍጮ ሊተክልበት አስቦ ኖሯል። ባለቤቴ ሞተሩ ሲጫን አላየም፤ ጎማዎቹን ሲደረድር ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከእኔ ጋር የሚያወራው ስለ በቆሎና ስለ ውሃ ብቻ ሆነ።

ወፍጮው ለጥቂት ቀን በደንብ ፈጨ። ሴቶቹ ድምፁን ሰምተው ከሩቅ ይመጡ ነበር። ነገር ግን የሁለት ገበያ እህል ሳይፈጭ የወሩን ቤንዚን ጨረሰ። ባለሱቁ በናፍጣ የሚሠራ ትንሽ ሞተር አመጣና ትልቁን ጓሮ ጣለው። እኛ ጎማዎቹን ሸጥን፤ የኋላውን ወንበር ቤት አስገባን፤ አራቱን በሮች የፍየሎቹ በረት አጥር አደረግናቸው።

ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የዘይት ቆርቆሮ ይዞ ይወጣ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ተከተልኩት። በባለሱቁ ጓሮ ተንበርክኮ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈትቶ፣ በየቀዳዳው ዘይት ጠብ አደረገና ሞተሩን በመፍቻ ቀስ ብሎ አዞረው። ካልዞረ ፒስተኑ ዝጎ ይነክሳል፤ ከነከሰ ብረት ብቻ ነው። እኔን አላየኝም።

ባለሱቁ ከኋላዬ መጥቶ፣ "እህቴ፣ በአላህ ውሰጂለት። እኔ ምን ያደርግልኛል?" አለኝ።

"ድርሻህ ነው። በነፃ አይወሰድም።"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ አልሽ።"

ቤት ሄጄ የመኪናው በሮች በረቱ ላይ የታሰሩበትን ሽቦ ፈታሁና አንድ በአንድ እየተሸከምኩ ለባለሱቁ ወሰድኩለት። አራተኛውን ሳወርድ፣ "ኧረ ይበቃል" አለ። "አልበቃም" ብዬ ለወንበሩም ተመለስኩ። ያን ዕለት ሞተሩን ስድስት ሰው ተሸክሞ እኛ ደጅ አስቀመጠው።

ፍየሎቹ አጥር እንደሌላቸው ያወቁት ከሰዓት ላይ ነው፤ ገበያውን አልፈው ሄዱ። ባለቤቴ እስኪመሽ ሲያባርራቸው ዋለና አቧራ ለብሶ ተመለሰ። እጁን ታጥቦ ሞተሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ወንበር አልነበረንም።