የጋሽ እሽሽ አሥራ ሁለት እርምጃዎች

«ጋሽ እሽሽ» የሚለውን ስም ያወጡለት የሳተላይት ፋብሪካው ባልደረቦቹ ናቸው። ሥራው የሳተላይት መነጽር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለመቶ ሰዓት ፀጉር ታህል እንኳ እንዳይነቃነቅ መጠበቅ ነው። አጠገቡ ያለች ንዝረት የምትለካ መርፌ ወረቀት ላይ መስመር ትስላለች፤ ቀዩን ምልክት ከዘለለች ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ከዚህች መርፌ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሮ ድምፅ የሚባል ነገር ጠላ። ቤቱ ሆኖ እንኳ ሚስቱ ሽንኩርት ስትከትፍ «ቀስ በይ፣ መነጽር አለ!» ይላታል።

«መነጽሩ ሥራ ቦታህ ነው፤ እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ» ትለዋለች።

ታዲያ ፋብሪካው ሊሰፋ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ባንድ ትንፋሽ ሁለት ትእዛዝ አወረዱ፦ ግንባታውም አይዘገይም፣ ሙከራውም አይቋረጥም። ከግድግዳው ወዲያ የሚሠራውን አዲስ አዳራሽ እንደሚመራ ለጋሽ እሽሽ ቃል ተገብቶለት ነበር። ግን ሙከራው ሦስት ጊዜ ተበላሸ።

«አራተኛ ካየሁ አዳራሹን ለሌላ ሰጥቼ አንተን ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የምወረውርህ» አሉት።

ጋሽ እሽሽ ወረቀቱን ጠቅልሎ የግንበኞቹን አለቃ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሊከስ ሄደ። አለቃዋ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ሴት ናት። ሠራተኞቿ ግድግዳውን በመጋዝ እንደ ዳቦ ይቆርጣሉ፤ ማስነጠስ ሲመጣባቸው ግቢ ወጥተው ነው የሚያስነጥሱት።

«ኮሽ ባለ ቁጥር ሮጬ ሄጄ እሽሽ እላለሁ፤ ማን ይስማኝ!» ሲል ለሥራ አስኪያጁ አቤት አለ።

ተጠርታ የመጣችው አለቃ ወረቀቱን ዘረጋች። «ጋሼ፣ መጋዝ ዝዝዝ ይላል እንጂ እዚህ እንደተሳለው ድም፣ ድም አይልም። ከወንበርዎ እስከ በሩ ስንት እርምጃ ነው?»

«አሥራ ሁለት። ምነው?»

«መርፌዋ ስንቴ ዘለለች?»

ቆጠረ። አሥራ ሁለት። ደግሞ ቆጠረ፤ ጫፍ ላይ ካለችው ትልቋ በስተቀር ያው አሥራ ሁለት ነው። መቶ አሥር ኪሎ የሚመዝነው ሰውዬ ፊቱ ደም መሰለ።

«ይህቺ ትልቋ፣ አሥራ ሦስተኛዋስ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«በሩን... በእርግጫ ስከፍት ነው» አለ፣ ድምፁ ሊጠፋ ደርሶ።

አራተኛው ሙከራ ሲጀመር አለቃዋ ጫማውን ወስዳ ቢሮዋ ቆለፈችበት። በምትኩ ቀይ ጨርቅ ሰጠችው። «ድምፅ ከሰሙ ይህን ያውለብልቡ፣ በመስኮት አይተን እናቆማለን። ከወንበርዎ ግን ንቅንቅ የለም!»

ዘጠና ዘጠነኛው ሰዓት ላይ ከግድግዳው ወዲያ ባልዲ ወደቀ። ጋሽ እሽሽ ሰማይ የተናደ መሰለው። ብድግ ሊል ሲል ወንበሩን በአንድ እጁ አንቆ ያዘ፣ በሌላው ጨርቁን አነሳ። መጋዙ ዝም አለ። መርፌዋ ባልዲውን ከቁም ነገር ሳትቆጥር መስመሯን ቀጠለች። ካገጩ የሚንጠባጠበውን ላብ እንኳ ወለሉን እንዳያንኳኳ በመዳፉ ይቀልበው ጀመር።

መቶ ሰዓት ሞላ፤ አረንጓዴው መብራት በራ።

«አለፈ!» ብሎ በባዶ እግሩ ወደ በሩ ተፈተለከ። ሥራዋን የጨረሰችው መርፌ እየዘለለች ከወረቀቱ ወጣች። በሩንም እንደ ልማዱ በእርግጫ አለው፤ ጫማ አለማድረጉ ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

አለቃዋ ጫማውን ይዛ ደጅ ቆማ ነበር። «አሥራ ሦስተኛዋ የት ቀረች እያልኩ ነበር» አለች። ያበጠውን አውራ ጣት አይታም፣ «አሁን ደግሞ ጫማውም እንደ ፋብሪካው ሊሰፋ ነው» አለች።

ጋሽ እሽሽ እግሩን ይዞ ባንድ እግሩ እየዘለለ፣ «እሽሽ!» አላት።