ረጅሙ የሬሳ ሣጥን

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በጃንሆይ ጊዜ ኮልፌ፣ እቤቴ ግቢ ውስጥ የሬሳ ሣጥን እየሠራሁ እሸጥ ነበር። ጎረቤት እንዳይከፋው ብዬ ሣጥኖቹን በጆንያ እሸፍናለሁ፤ አንዱ ረጅም ሣጥን ብቻ ጫፉ ከጆንያው ተርፎ ይታያል፤ ሰው ሳይነሳ መዶሻ አልነካም፤ ሰጋቱራውንም ራሴ እጠርጋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

አንድ ጠዋት የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ መጣና፣ «ተከሰሃል፤ ነገሩ እስኪጣራ አንድም ሣጥን ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ!» ብሎኝ ሄደ። የከሰሱኝ አጥር የሚጋሩኝ ባሻ ወልዴ ናቸው፤ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ፣ ረጅም ጡረተኛ ወታደር።

ወዲያው ቤታቸው ገባሁ።

«ባሻ፣ ምን በደልኩዎት? ለምን እንጀራዬን ይዘጉብኛል?»

እሳቸው ከአልጋቸው ሥር የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ አወጡ።

«መግነዜ ነው። ይኸው አዘጋጅቻለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?»

«አትጩህ! ያ ረጅሙ ሣጥን ልክ በቁመቴ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ሳየው ነው የከረምኩት። ትናንት የዕድሩ ዳኛ መጥቶ ሲለካው አየሁና፣ ሊወስድብኝ ነው ብዬ ከሰስኩህ።»

አትጩህ ቢሉኝም ይባስ ብዬ ጮህኩ።

«ከፈለጉት ለምን አይገዙትም?»

«በቁሜ የሬሳ ሣጥን ልግዛ? ምን ዓይነት ሟርተኛ ነህ!»

«እሺ፣ ክሱን መቼ ነው የሚያነሱልኝ?»

ባሻ በጥያቄዬ ተገርመው አዩኝ።

«ስሞት ነዋ!»