ሁለት ዓይን የሚገባው ማን ነው

የባለቤቴ የታደለ አርባ ካለፈ በኋላ ቤቴ ጸጥ አለ። ድንኳኑ ፈረሰ፤ የዕድሩ ወንበር ተመለሰ፤ ጎረቤትም ወደየሥራው ገባ። ባለፈው ማክሰኞ ግን አንድ ወጣት በሩን አንኳኳ። እኔና ታደለ በተማርንበት ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነው።

«እትዬ ትርንጎ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ ተቀመጠ። ሻዩን ቀስ ብሎ ጠጣና የመጣበትን ነገረኝ። አሮጌው የታሪክ ክፍል ሊታደስ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የዓለም ታላላቅ ሰዎች ሥዕል ግን አይነካም፤ እንዲያውም ከሥሩ የሠዓሊው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይደረግለታል።

«ሠዓሊው አባትዎ መሪጌታ ካሳሁን ናቸው አይደል? የአባታቸውን ስም አጥተን ነው የመጣሁ።»

«በሳምንቱ ተመለስ» አልሁት። ኀዘኑ አድክሟታል ብሎ ሄደ። ድካም አልነበረም። ሰሌዳው ላይ የአባቴ ስም ብቻ ከተጻፈ ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ቀሪውን ግማሽ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም በቅርቡ ቀበርሁት። ስለዚህ ይህን ሳምንት ቀን ቀን እየተቀመጥሁ እጽፋለሁ። ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ፤ ታደለ «አንቺ ፊደል አትጽፊም፣ ትሥያለሽ» ይለኝ ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ጎንደር አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማራለሁ፤ አባቴ ደግሞ በደባርቅ መንገድ፣ ኮሶዬ ነው የሚኖረው። ገብስ ያርሳል፤ ከአጨዳ በኋላ ለአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ይሥላል። የአገራችን ሠዓሊ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ቤቱ ሆኖ ነው። አቡጀዲ ወጥሮ ይሥልና ሲደርቅ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሙጫ ይለጥፈዋል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሬ ቀለም እፈጭለት፣ ልብሱንና ደመናውን እሞላለት ነበር። ከዓይን ግን አልደርስም።

«ልብሱን ሙዪ፤ ዓይን የእኔ ነው» ይለኛል። ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ላይ ነው፤ የሚሥለውም ባለሙያው ነው። እኔ በሌሊት ልብሴ ጫፍ ላይ፣ በምድጃው አመድ ላይ፣ በደብተሬ ኅዳግ ላይ ዓይን እሥል ነበር። ከዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ይኸው ነበር።

ስለ ዓይን አንድ ደንብ አለ፤ ሳልነግር ባልፍ ታሪኩ አይገባም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለት ዓይኑ ያየናል። ክፉው በጎኑ ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። የሚጸልይ ሰው ዓይኑ ከክፉ ዓይን ጋር እንዳይገናኝ ነው ይላሉ። አባቴ ይህን ደንብ እንደ ጾም ነበር የሚጠብቀው።

የታሪክ መምህራችን መምህር ዓለሙ «እነዚህ ልጆች ዓለም አዘዞ ላይ የምታልቅ ይመስላቸዋል» እያለ ይበሳጭ ነበር። ሰኔ ላይ ለወላጆች በዓል የክፍሉ ግድግዳ የዓለም ታላላቆች እንዲሣልበት ርእሰ መምህሩን አስፈቀደና አባቴን አስጠራው። ሰባት ሰዎች መረጠ። ፒራሚድ ያስገነባ የግብፅ ንጉሥ፣ ዕጣን ፍለጋ መርከብ የላከች የግብፅ ንግሥት፣ ሕጉን በድንጋይ ያስቀረጸ የባቢሎን ንጉሥ፣ የመቄዶንያው ወጣት ንጉሥ፣ አንድ የሮም ጦር አለቃ፣ ታላቁን ግንብ ያሠራ የቻይና ንጉሠ ነገሥት፣ በመጨረሻም ከእኛው ከጎንደር ቁስቋም ላይ ቤተ መንግሥት የሠራችው እቴጌ።

ሥዕል ያለበት የታሪክ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር። እሱን ከፍቶ ለአባቴ የሚያነብና የሚያስረዳ ተማሪ ታዘዘ፤ የክፍላችን አንደኛ ታደለ ነበር። ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ከእኔ ጋር ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ተቀምጦ ከሰላምታ በቀር ቃል ያልተናገረኝ ልጅ።

አባቴ ንድፉን በትልቅ በትልቁ በከሰል አወጣ። ቀለሙን እኔ ሞላሁ። ረቡዕ ዕለት ሰባቱም አክሊላቸውን ደፍተው፣ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፊታቸው እንደ እንቁላል ባዶ ሆኖ ቆሙ። የቀረው ዓይን ነው። አባቴ ቀጭኗን ብሩሽ ይዞ ብዙ ቆመ። ከዚያ ታደለን ጠራው።

«አንተ ልጅ፣ የግብፁ ንጉሥ መጽሐፉ ላይ እንዴት ሆኖ ነው ያለው?»

«በጎኑ ነው የኔታ። አንድ ዓይኑ ነው የሚታይ።»

«አላልሁም? ፈርዖን አይደል! የገዛ ሠዓሊዎቹ መስክረውበታል። ሚስቱስ?»

«እሷም በጎኗ ናት።»

«አሽከሮቹስ?»

«ሁሉም።»

«ከብቱስ?»

«ከብቱም በጎኑ ነው የኔታ።»

«ጉድ ነው! አገር በሞላ ከነከብቱ ተኰነነ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ዓለሙ ሰምቶ መጣና ለማስረዳት ሞከረ። «መሪጌታ፣ የእነሱ የአሣሣል ደንብ እንዲያ ነው፤ ደጉንም ክፉውንም በጎን ነው የሚሥሉ። ደግሞ ታላቅ ሰው ማለት ደግ ሰው ማለት አይደለም። እርስዎ ብቻ ዓይኑን ይሣሉልን።»

«በእኔ ቀለም ታላቅና ደግ አንድ ነው» አለ አባቴ። ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቀለለ፤ በትሩን ይዞ ወጣ። ለእኔ እንኳ ደኅና ሁኚ አላለኝም።

በዓሉ ቅዳሜ ነው። የአውራጃው ሹማምንት ይመጣሉ። ርእሰ መምህሩ ግድግዳውን አይቶ «እስከ ዓርብ ማታ ካልተፈጸመ ኖራ ይቀባበት» ብሎ አዘዘ። እኔ የፈራሁት ኖራውን አልነበረም። መሪጌታ ካሳሁን ዓይን የሌለው ሥዕል ጥሎ ሄደ ከተባለ፣ ወሬው ከገበያ ገበያ ሲዞር የሚጠራው ደብር አይኖርም። እንጀራው ነው፤ ከእንጀራውም ይልቅ ስሙ ነው። መምህር ዓለሙ ታደለን ከነመጽሐፉ፣ ከነይቅርታው ከእኔ ጋር ላከው።

ሐሙስ ጧት ጭነት ማኪና ላይ ጋቢና ተሳፈርን። ታደለ አፍሮ መጽሐፉን በእኔና በእሱ መካከል አስቀመጠ። ሾፌሩ በመስተዋት አይቶ «ምነው፣ ይህን መሀል የተቀመጠውን ዳኛ ከየት አመጣችሁት?» አለ። ታደለ እስከ ጆሮው ቀላ። ከተማውን ለቀን ስንወጣ ጭጋግ ተቀበለን፤ መንገዱ በመጀመሪያው ዝናብ ጨቅይቷል፤ አዲስ የታረሰ መሬት ይሸታል። ኮሶዬ ስንወርድ ጥርሳችን በብርድ ይንቀጫቀጫል። የሐዋርያት ጾም ነበርና መንገድ ዳር ካለች ጎጆ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በላን። እጃችን እስኪሞቅ ድንቹን ሳንልጥ ይዘነው ቆየን። ዛሬም ድንች ስልጥ ያ እንፋሎት ትዝ ይለኛል።

አባቴ ቤት አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተወጠረ ሸራ አለ፤ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ። ፈረሱ ሸጋ ነው፤ ከንድፉ የአባቴን እጅ አወቅሁት። ፊቱ ግን ሌላ ነው። አንዱ ዓይን ግንባሩ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ጉንጩ ላይ ወርዷል። ታደለም አየ።

አባቴ ከደጅ ገባና ከታደለ ሦስት እርምጃ ላይ ቆመ። «መምህር፣ እስከዚህ ድረስ ደከሙ?» አለው።

«ታደለ ነኝ የኔታ።»

አባቴ መደቡ ላይ ተቀመጠ። «አያችሁት?» አለ።

«አየነው አባዬ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካምና። ዘንድሮ ጠና። ትልቁን አየዋለሁ፤ ትንሹ ግን ጭጋግ ነው። በግብፆች አሳብቤ የሸሸሁት ለዚህ ነው።» ሳቅ ብጤ አለ። «ለሌላው አንድ ዓይን ይበቃዋል ብዬ ስጣላ፣ የእኔው ሁለቱም ሄደዋል።»

«ዓይኑን እኔ እሥለዋለሁ» አልሁ።

«ዝም በይ። ዓይን ሥላ የምታውቅ ሴት አለች?»

«እስከ ዛሬ የለች ይሆናል። ነገ ማታ ኖራ ነው አባዬ። ኖራ ይሻላል?»

«የሰው አፍስ?»

«የሰው አፍ ባዶ ፊት ሲያይ ነው የሚብስ።» ከሸራው ጥግ ላይ ከሰል አንሥቼ የቤቱን በር ሳንቃ ያዝሁ። ሁለት ዓይን አወጣሁና እጁን ይዤ ወደ ብርሃኑ አቀረብሁት፤ አፍንጫው ሳንቃውን እስኪነካ ድረስ። ትንፋሹን ይዞ አየ። ሽፋኑን፣ ብሌኑን፣ ከታች ያለችውን ጥላ በጣቱ ተከተላት። ጣቱ ጠቆረ።

«ማን አስተማረሽ?» አለ።

«አንተ። ሳታውቅ።»

ወደ ታደለ ዞሮ «አንተ ልጅ፣ እኔ ሳለሁ ይህን ነገር ከአፍህ እንዳታወጣው። ማል» አለው።

«በምን ልማል የኔታ?»

«በያዝኸው።»

ታደለ በዓለም ታሪክ መጽሐፍ ማለ። እንዲያ ብሎ የማለ ሰው በምድር ላይ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ማታውኑ ሦስታችንም ጎንደር ገባን፤ ዓርብ ጧት ክፍሉን ከውስጥ ቆለፍን። አባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ፤ ታደለ ያነባል። መምህር ዓለሙ ያለውን ታደለ አንድ በአንድ ደገመለት፤ በግብፆች አገር በጎን መሣል ነቀፋ አይደለም። «እንግዲያው በአገራቸው በደንባቸው፤ በአገሬ በደንቤ» አለ አባቴ። «ሥራቸውን ንገረኝና እፈርዳለሁ።»

ንግሥቲቱ መርከቦቿን የላከችው ለጦርነት ሳይሆን ለንግድ፣ ዕጣን ፍለጋ እንደሆነ ሲሰማ «ሁለት ስጫት፤ ዕጣን ፈልጎ የመጣ እንግዳ ነው» አለ። ሕግ ያወጣው ሁለት አገኘ። የቻይናው ላይ «ግንቡ ስንት ነፍስ በላ?» ብሎ ጠየቀ፤ ታደለ «ብዙ ይላል» አለ፤ አንድ ተፈረደበት። ፒራሚድ ያስገነባውም በዚያው ሄደ። የሮሙ የጦር አለቃ ገና ሳይነበብለት አንድ ተፈረደበት፤ ጌታን የሰቀሉ ሮማውያን ናቸውና። የእኛዋን እቴጌ ታደለ ሊያነብላት ሲል «ተው፣ እሷን እኔ አውቃታለሁ» አለው። ፊታቸው አስቀድሞ በከሰል ብቻ ስለተነደፈ፣ በጎን የተፈረደባቸውን አገጫቸውን እያዞርሁ አስተካከልሁ።

የመቄዶንያው ላይ ተጣላን። «እሱ ሁለት ነው» አለ አባቴ። «በግዕዝ መጽሐፋችን ጾመኛ፣ ንጹሕ ንጉሥ ነው።»

«እዚህ ግን ከተሞች አቃጥሎ ሕዝባቸውን በባርነት ሸጠ ይላል የኔታ።»

«የፈረንጅ መጽሐፍ ነው!»

«የገደለውም ፈረንጅ፣ የጻፈውም ፈረንጅ ነው፤ ምን ብሎ ይዋሽበታል?»

አባቴ በትሩን ወለሉ ላይ መታ። «ትርንጎ፣ ሁለት ሥዪ።»

ብሩሹ በእጄ ነው። አባቴ ካለበት ሆኖ አንድ ይሁን ሁለት ሊያይ አይችልም። የልቤን ሥዬ «ሁለት ነው» ብለው ያምነኝ ነበር። ታደለ ወደ እኔ አየ። ከጠረጴዛው ወረድሁና ፊቱ ቆምሁ።

«አባዬ፣ አንድ ነው የምሥለው። አንተ ያስተማርኸኝ ሰው የፈጀ ሁለት ዓይን እንደማይገባው ነው። አንተን ሳላታልል ነው የምሥለው።»

ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። «ብሩሹ ያለው በማን እጅ ነው?» አለ።

«በእኔ።»

«እንግዲያው ፍርዱም ያንቺ ነው። ውጪና ሥዪ።»

ቅዳሜ ሹማምንቱ መጡ። አንዱ የእቴጌዋ ፊት ቆሞ «ዓይኗ እኮ ይከተለኛል! መሪጌታ፣ እጅዎ ይባረክ» አለ። አባቴ ራሱን ዝቅ አደረገ። እኔ ከተማሪዎቹ ጋር ተሰልፌ አጨበጨብሁ። ከዚያ በኋላ አባቴ እስኪሞት ለሦስት ደብር ሠራን፤ እሱ በትልቁ ይነድፋል፣ እኔ ቤት ውስጥ እፈጽማለሁ፣ ሸራው ተጠቅልሎ በስሙ ይሄዳል። ሲሞት የሚጠራኝ አልነበረም፤ ማንም አያውቀኝማ። ታደለን አገባሁ፤ ሆስፒታል የካርድ ክፍል ተቀጠርሁ። ታደለ መሐላው ከአባቴ ጋር እንደተቀበረ ይነግረኝ ነበር። «አሁን ተናገሪ» ሲለኝ «የአባቴን ስም አላጎድልም» እለው ነበር። እሱም ሳልፈቅድለት አልተናገረም። አርባ ዓመት ዝም ያለልኝ ሰው ነው የሞተብኝ።

ይህን ስጽፍ ሳምንቱ አለቀ። አባቴ የደበቀው መታወሩን ነው፤ እኔ የደበቅሁት ማየቴን ነው። ሁለቱም ነውር አልነበሩም። እነዚያ ሰባት ሰዎች ግንብም ሕግም በስማቸው ተጽፎላቸው ዘመን ተሻግረዋል፤ ድንጋዩን የጠረበውን ግን የሚያውቅ የለም። በሌላው አገር የሆነውን እኔ አላቃናም። በዚህች አንዲት ግድግዳ ላይ ግን እኔ በሕይወት አለሁ።

ወጣቱ መምህር ነገ ይመጣል። የአያቴን ስም እነግረዋለሁ፤ ቀጥሎም «ንድፉ የመሪጌታ ካሳሁን፣ ዓይኖቹ የልጃቸው የትርንጎ ብለህ ጻፍ» እለዋለሁ። «ምስክር አለዎት?» ቢለኝ፣ ምስክሬ ሞቷል። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሬ «ፊት ለፊቴ ተቀመጥ፣ አትንቀሳቀስ» እለዋለሁ። ዓይኑን እሥለዋለሁ።