ዋጋዬና የናርዶስ ማርክ

ዋጋዬ ቀናተኛ ናት። እሷም ብትሆን አትክድም። ልጅ ሳለች ለታላቅ እህቷ ከቆሰበር ገበያ አዲስ ጫማ ተገዝቶ ቢመጣ፣ ሁለት ቀን እህል አልቀምስም ብላ ቤቱን ስታምስ ከርማለች። የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው» ብለው ስንት ጊዜ መክረዋታል! ምክሩን ትሰማለች፣ መስቀል ትሳለማለች፣ ወጥታ ደግሞ ትቀናለች። አመል ነዋ!

እንጅባራ ኮሌጅ ገብታ ለጤናና ደኅንነት መምህርነት መማር ስትጀምር ደግሞ ናርዶስ መጣችባት። ናርዶስ የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት። አፏ ማር ነው፤ ስለ እጅ መታጠብ ብታወራ እንኳ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነው የሚያዳምጣት። ዋጋዬ ግን የጥርባ ገበሬ ልጅ፣ አፏን በአገውኛ የፈታች ናት። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሸምድዳዋለች፤ ሰው ፊት ስትቆም ግን አማርኛው ይተናነቃታል። የተሰበረ እጅ እንዴት እንደሚታሰር ለናርዶስ ያሳየቻት እሷ ናት፤ በማግስቱ ናርዶስ ክፍል ፊት አሰረችና ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ዋጋዬ የዚያን ቀን ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

ዘንድሮ ነገሩ ከረረ። ኮሌጁ በተግባር ትምህርት አንደኛ የወጣውን ተማሪ ረዳት አድርጎ ሊያስቀር ነው፤ ያቺ ተማሪ ደግሞ ከሁለቱ አንዷ እንደምትሆን ሁሉም ያውቃል። ፈተናው መንደር ወርዶ እናቶችን ማስተማር ነው። መምህር አድማሴ ታዲያ ማርኩን በዕለቱ አይሰጡም። በማግስቱ እዚያው መንደር ተመልሰው እናቶቹን «ትናንት ምን ተማራችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። «አስተማሪ የሚለካው ባወራው ሳይሆን ሰው ቤት በገባው ነው» ይላሉ። ዋጋዬ ባለፈው ሳምንት ስለ ፈላ ውኃ ቃጠሎ አስተምራ ከሃያ አሥራ ስምንት አግኝታለች። አሁን የቀረችው ናርዶስ ናት።

የናርዶስ ተራ የደረሰው ጥርባ አጠገብ፣ ዋጋዬ በተወለደችበት መንደር ሆነ። ርዕሷ ከሰል ነው። በዚህ አገር ሰዉ ደከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ ያከስላል፤ ብርዱም አይጣል ነው፤ ከሰል የማይሞቅ ቤት የለም። መጽሐፉ ከከሰል የሚወጣውን ገዳይ ነገር «ሽታም መልክም የሌለው መርዘኛ አየር» ይለዋል። ናርዶስ ግን ለእናቶቹ ይቅለላቸው ብላ «የከሰል ጭስ ይገድላል!» አለች። ደጋግማ አለች። እናቶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ መረቋት።

ከኋላ የተቀመጠችው ዋጋዬ፣ ከፊቷ ያሉት እማማ እህተማርያም ለጎረቤታቸው በአገውኛ ሲያወሩ ሰማች።

«እኛማ ይህን መች አጣነው? ደጅ አቀጣጥለን፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን አይደል የምናስገባው! ዛሬም ለአራሷ ልጄ እንደዚያው ነው የማደርግላት። ብርድ እንዳይገባ በሩን ዘጋ ነው።»

ዋጋዬ ክው አለች። ዝግ ቤት ውስጥ የሚገድለው እኮ ያው ፍሙ ነው! ልትናገር እጇን አነሳች። ቀና ስትል ግን መምህር አድማሴ ናርዶስን በፈገግታ ሲያዩዋት አየች፤ እጇ ወረደ። ነገ እናቶቹ ሲጠየቁ «ጭሱ ካለቀ ምንም አይል» ይላሉ፤ ያኔ የናርዶስ ማርክ ገደል ይገባል። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። «ዝም አይነቅዝም» አለች በልቧ። አይ ዋጋዬ!

ተመልሰው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ናርዶስ ጠጋ ብላ «ዋጊ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ እንዴት ነበርሁ?» አለቻት።

«ጎበዝ ነበርሽ» አለች ዋጋዬ። ይህን ስትል «በሩን ዘጋ ነው» ያሉት የእማማ እህተማርያም ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። አራስ፣ ጨቅላ፣ የተዘጋ በር። ተመልሳ ሄዳ ከነገረቻቸው እናቶቹ ነገ በትክክል ይመልሳሉ፤ ናርዶስም አንደኛ ትወጣለች። ለዚያች ለናርዶስ! ጥርሷን ነከሰች። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ግን አልቻለችም።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። «እናቴ ቤት ዕቃ ረስቻለሁ» ብላ ለናርዶስ ነግራት ወረደች፤ ወደ መንደሩ ሮጠች።

ስትደርስ እማማ እህተማርያም ፍም የሞላውን ማንደጃ አንስተው ወደ ጓዳ ሊገቡ ነው።

«እማማ፣ አያስገቡት!» አለች እያለከለከች። «ጭሱማ ያስላል፣ ሰውን ያስወጣል። ፍሙ ነው ሳይታወቅ አስተኝቶ የሚገድል!»

አሮጊቷ ማንደጃውን ደጅ አስቀምጠው አፋቸውን ያዙ። «ወይኔ ልጄን!» ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው እሷው ደግማ እንድታስረዳ አደረጉ። ከዚያ ዋጋዬን አገላብጠው ሳሟት። «ያቺ አስተማሪ ናት አይደል የላከችሽ? ስታስተምር ገና አውቄያታለሁ፤ ለሰው የምታስብ ናት።»

የዋጋዬ ደም ፈላ። እኔው ነኝ የመጣሁ እንዳትል፣ ቅድም ለምን ዝም አልሽ ሊሏት ነው። «አዎ፣ እሷ ናት» አለች።

በማግስቱ መምህር አድማሴ ተማሪዎቹን ይዘው መንደሩ ተመለሱና እናቶቹን ጠየቁ። እማማ እህተማርያም ተነስተው ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ መለሱ። ወደ ናርዶስም እያመለከቱ «ይቺ ትባረክ! ይቺን ጓደኛዋን መልሳ ልካ ስህተታችንን አረመችልን» አሉ።

ናርዶስ ግራ ገባት። «እኔ ማንንም አልላክሁም፣ መምህር። ፍሙን ጨርሶ አላነሳሁትም፤ ስህተቱ የኔ ነው።»

ደግሞ እውነተኛም ናት! አለች ዋጋዬ በሆዷ፤ ለዚህም ቀናች።

መምህሩ ወደ እሷ ዞሩ። «በራስሽ ነው የተመለስሽ? እንግዲያው አስተማሪዋ አንቺ ነሽ። አንደኛ ወጥተሻል፤ ኮሌጁ የሚያስቀረው አንቺን ነው።» ሰዉ አጨበጨበ።

በጭብጨባው መሐል እማማ እህተማርያም አጠገቧ መጥተው ትከሻዋን ያዙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«ለካ ትናንት እዚያው ትምህርቱ ላይ ሳለን ሰምተሽኝ ነበር?»

«ሰምቻለሁ፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

ዋጋዬ ወደ ናርዶስ አየት አደረገች። «ቀንቼባት ነው።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከትከሻዋ አነሱ። ወደ ናርዶስ በአገጫቸው አሳይተው «እያት፤ ከሁሉ አብልጣ የምታጨበጭብልሽ እሷ ናት» አሉና ወደ አራሷ ገቡ።